ውለታና ድምፅ፦ ስለ «የታማኒ ሆሉ ፕላንኪት» መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

ለከተማ ምክር ቤት ወንበር መወዳደር በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ትልቅ ነገር አይቈጠርም። የታሪክ መጻሕፍትም ሰፊውን ገጻቸውን የሚሰጡት ለነገሥታት፣ ለፕሬዚዳንቶችና ለጦር አለቆች ነው። ዳሩ ግን ተራው ሰው በየቀኑ የሚገናኘው ከቧንቧው ውሃ፣ ከመንገዱ ጭቃ፣ ከቤቱ ኪራይና ከሠፈሩ ዳኛ ጋር ነው። እንግዲህ እነዚህን እንዲያስተዳድር የሚመረጠው ሰው በምን መንገድ ወደ ወንበሩ እንደሚደርስ መመርመር ለተማሪ የማይገባ ሥራ ነው ሊባል አይችልም።

ለዚህ ምርመራ የሚረዳ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አለ። ስሙ «የታማኒ ሆሉ ፕላንኪት» ይባላል፤ የታተመውም በ1905 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ተናጋሪው ጆርጅ ዋሽንግተን ፕላንኪት፣ ጸሐፊው ደግሞ ዊልያም ራይርደን የሚባል የኒውዮርክ ጋዜጠኛ ነው። ፕላንኪት በ1842 ከድኻ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ ትምህርቱን በልጅነቱ ትቶ ጋሪ የነዳ፣ ከዚያም በልኳንዳ ቤት የሠራ ሰው ነው። በኋላ ግን በኒውዮርክ ከተማ የዴሞክራቲክ ፓርቲን ሥራ ይመራ በነበረው ማኅበር፣ በታማኒ ሆል ውስጥ፣ የአንድ የምርጫ አውራጃ መሪ ሆነ። የከተማ ምክር ቤት አባልነት፣ የግዛቱ ሸንጎ አባልነት፣ የፖሊስ ፍርድ ቤት ዳኝነትና የአውራጃ ተቈጣጣሪነት የሚባሉትን አራት ሹመቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ይዞ፣ ከሦስቱ በአንድ ጊዜ ደመወዝ ይቀበል እንደ ነበረ መጽሐፉ ይነግረናል። ንግግሮቹን ያደረገው በአዳራሽ አይደለም፤ በኒውዮርክ ፍርድ ቤት በነበረው የሊስትሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ራይርደንም እየሰማ ጻፈ።

ይህን መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን እንደ ቀልድ መጽሐፍ ይመለከተውና የሽማግሌውን ድፍረት እያደነቀ ይሥቃል። ሁለተኛው ወገን እንደ ሌባ ኑዛዜ ይቈጥረውና የከተማ አስተዳደር ምን ያህል ሊበላሽ እንደሚችል ለማሳየት ይጠቅሰዋል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች የመጽሐፉን ዋና ነገር ያለፉት ይመስለኛል። መጽሐፉ ከሁሉ በላይ ስለ ውለታ የተጻፈ ነው። ይኸውም ለሰው በሕግ ሊደርሰው የሚገባው ነገር በውለታ መልክ ሲሰጠው፣ ሰጪው ድምፅን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ ተቀባዩም ምን እንደሚያጣ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህንን ነው።

፩. የአንድ ድምፅ ዋጋ

ፕላንኪት ፖለቲካን እንዴት እንደ ጀመረ የሚተርክበት ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀ ነው። ወጣት ሳለ ሹመት ፈልጎ ደጅ አልጠናም፤ ንግግርም አላጠናም። መጀመሪያ የሄደው ወደ አጎቱ ልጅ ነው። ይህ ዘመዱ ስለ ፖለቲካ እምብዛም ግድ የሌለው ሰው ነበር፤ ፕላንኪት ግን ድምፁን እንዲሰጠው ለመነውና እሺ አሰኘው። ከዚህ በኋላ ወደ አውራጃው መሪ ቀርቦ፣ ከእኔ ጋር የሚሰለፍ አንድ ሰው አለኝ ሲል አስታወቀ። መሪው አልሣቀበትም፤ በአክብሮት ተቀበለው። ቀጥሎ ጎረቤቱን፣ ከዚያም የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ጨመረ። ብዙ ሳይቈይ ስድሳ ተከታዮች አገኘና በስሙ የሚጠራ ማኅበር አቋቋመ። ከዚያ ወዲያ ደጅ ጠኚው እርሱ መሆኑ ቀረና መሪዎቹ እርሱን ይፈልጉት ጀመር።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ለተወዳዳሪ ሁሉ የሚሆን እውነተኛ ትምህርት አለ። የከተማ ምርጫ የሚጀምረው ከአደባባይ ሳይሆን ከደጃፍ ነው፤ ሰውም የሚቈጠረው አንድ በአንድ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንደሚባለው፣ መራጩ ስሙን በጋዜጣ ከሚያነበው ታላቅ ሰው ይልቅ ደጁን የሚያንኳኳውን ያውቃል።

ይሁን እንጂ አንባቢው አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የአጎቱ ልጅ እሺ ከማለት በቀር የሚናገረው ነገር የለም። ምን እንደሚፈልግ፣ ስለ ሠፈሩ ምን እንደሚያስብ፣ ድምፁ ለማን እንደሚተላለፍ የጠየቀው የለም። ድምፁ ከእርሱ እጅ እንደ ወጣ ወዲያው በሌላ ሰው ፊት ለገበያ ቀረበ። ፕላንኪት ራሱም ድምፅን እንደሚሸጥ ዕቃ አድርጎ ይናገራል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ድምፅ ታሪክ ቁም ነገርና ጥፋት አንድ ላይ የተቀመጡባት ታሪክ ናት፤ ሰውየው በአካል ተፈልጎ ተገኝቷል፣ ሐሳቡ ግን አልተፈለገም።

፪. እሳትና ቀብር

ሁለተኛው ታላቅ ክፍል ስለ እሳት የሚናገረው ነው። በአውራጃው ውስጥ ቤት በተቃጠለ ጊዜ ፕላንኪትና ረዳቶቹ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር እኩል ይደርሳሉ። ቤታቸው የተቃጠለባቸውን ሰዎች የማን ፓርቲ ደጋፊ ናችሁ ብሎ አይጠይቅም። ወደ በጎ አድራጎት ማኅበርም አይልካቸውም፤ ማኅበሩ ጉዳያቸውን እስኪመረምር ወር ሁለት ወር ስለሚፈጅ እስከዚያው በረኃብ ያልቃሉ ይላል። ወዲያው ማደሪያ ይፈልግላቸዋል፣ ልብስ ይገዛላቸዋል፣ እስኪቋቋሙም ይረዳቸዋል። ይህም በጎ አድራጎት ብቻ ሳይሆን ፖለቲካ መሆኑን አይሸሽግም፤ አንድ እሳት ስንት ድምፅ እንደሚያመጣ ያውቃልና።

በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ራይርደን የአውራጃ መሪውን የአንድ ቀን ውሎ ጽፏል። እንደ እኛ የሰዓት አቈጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደጁ ተንኳኳ፤ የታሰረ የመጠጥ ቤት ባለቤት በዋስ ለማስፈታት ወጣ። 12 ሰዓት ላይ የእሳት አደጋ ደወል ቀሰቀሰው። ጧት በፖሊስ ፍርድ ቤት ሰክረው የተያዙ ስድስት ሰዎች አገኘና አራቱን አስለቀቀ፣ ለሁለቱም መቀጫ ከፈለ። ከቤት እንድትወጣ ለተከሰሰች መበለት ጠበቃ አቆመላት፤ ሊባረር ለነበረ ድኻ ቤተ ሰብም ኪራይ ከፈለ። አራት ሥራ ፈቶችን ሥራ አስያዘ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የኢጣሊያኖች ቀብር፣ ቀጥሎም የአይሁድ ቀብር ደረሰ። ማታ በቤተ ክርስቲያን ባዛር ላይ ተገኘ፤ ከዚያም ወደ ሠርግ ሄደ። የተኛው እኩለ ሌሊት ላይ ነው።

ይህ ክፍል እንደ ሌሎቹ በፕላንኪት አንደበት የተነገረ አይደለም። ቀልድም የለበትም። ራይርደን ራሱ ረጋ ባለ አነጋገር እንደ መዝገብ አድርጎ አቅርቦታል። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሥቀን ልናልፈው የማንችለውን ጥያቄ ያቀርብልናልና። ያች መበለት በዚያን ቀን ወደ ማን ልትሄድ ኖሯል? ፕላንኪትን የሚነቅፉት ጨዋዎች በዚያ ሰዓት የት ነበሩ? ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ሒስ ፕላንኪትን ሊረታ አይችልም።

፫. ገንዘቡ ከየት መጣ?

ጥያቄውን ለመመለስ ወደ መጽሐፉ መጀመሪያ መመለስ ያስፈልጋል። ፕላንኪት በሹመት የሚገኘውን ጥቅም በሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱን ነውረኛ፣ ሌላውን ንጹሕ ይለዋል። ከመጠጥ ቤት ባለቤትና ከቁማርተኛ ጉቦ መቀበል ነውረኛው ነው። ንጹሕ የሚለው ግን እንዲህ ያለውን ነው፦ ከተማው በአንድ ቦታ መናፈሻ ሊሠራ ማሰቡን አስቀድሞ ይሰማል፤ ማንም ሳያውቅ መሬቱን ይገዛል፤ ፕላኑ በይፋ ሲወጣ በውድ ዋጋ ይሸጣል። በሌላም ጊዜ ከተማው 250,000 አሮጌ የመንገድ ድንጋዮች በጨረታ ሊሸጥ ሲል፣ ተጫራቾቹን አንድ በአንድ እየቀረበ የሚፈልጉትን ያህል በነጻ እንደሚሰጣቸው ቃል ገባላቸውና ዝም አሰኛቸው። ከዚያም ሁሉንም ድንጋይ በሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ገዛ። ይህን ሲተርክ አያፍርም፤ አጋጣሚውን ያየ ብልኅ ሰው መሆኑን ይመሰክራል እንጂ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው የአገራችን ተረት በእንግሊዝኛ ቢተረጐም ፕላንኪት ከራሱ አፍ የወጣ ይመስለው ነበር።

አሁን ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በአንደኛው ገጽ ከከተማው ሀብት ብዙ ሺሕ ዶላር ይወሰዳል። በሌላው ገጽ ለመበለቲቱ ጎረቤቶች የቤት ኪራይ ይከፈላል። መጽሐፉ እነዚህን ሁለት ገጾች አንድ ጊዜ እንኳ አያገናኛቸውም። መሬቱን አስወድዶ ለከተማው የሚሸጠው ሰው የከተማውን ወጪ ያበዛል፤ ወጪው ሲበዛም ግብሩ ይበዛል፤ ግብሩ ደግሞ በመጨረሻ በቤት ተከራዩ ላይ ይወድቃል። በወንጌል ምሳሌ የተነገረለት ዐመፀኛ መጋቢ በጌታው ሀብት ለራሱ ወዳጅ እንዳበጀ ሁሉ፣ ይህም ሰው ወዳጆቹን ያበጀው ከተማው በአደራ በሰጠው ሀብት ነው። የምሳሌው መጋቢ ግን ሒሳብ እንዲያቀርብ ተጠርቶ ነበር። ፕላንኪትን ሒሳብ የጠየቀው የለም፤ የሚጠይቁት ሰዎች የውለታው ባለዕዳዎች ሆነዋልና።

የመጽሐፉ አጻጻፍም ይህን ለመሸፈን ይረዳል። ፕላንኪት በጨዋታ አዋቂነቱ አድማጩን ያሥቀዋል፤ የሣቀ ሰው ደግሞ ለመፍረድ ይዘገያል። አንድ ጊዜ፣ በሌላ ከተማ የድኾች መጦሪያ ቤት ጣሪያ ገፍፎ የሸጠ ሹም ነበር ይልና እንዲህ ያለውን ሌባ ይንቀዋል። አንባቢውም አብሮ ይንቃል። በዚህ አኳኋን አንባቢው ሳያውቀው ሚዛኑን ከፕላንኪት እጅ ይቀበላል፤ ጣሪያ ከገፈፈው ጋር ሲመዘን ድንጋይ የሸመተው ጨዋ ይመስላልና። ከዚህም በላይ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች፣ መበለቲቱ፣ ሥራ ያገኙት አራት ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቃል አይናገሩም። ሁሉም የሚታዩት ሲቀበሉ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በኒውዮርክ ግዛት ሴቶች ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር፤ ያን መብት ያገኙት በ1917 ነው። ስለዚህ መበለቲቱ የምትታየው ለራሷ ድምፅ ስትባል እንኳ አይደለም።

፬. የውለታ መጨረሻ

ከውለታ የተሠራ ቤት ጽኑ አለመሆኑን ለማስረዳት ከመጽሐፉ ውጭ መሄድ አያሻም። ፕላንኪት ስለ ውለታ ቢስነት ረዥም ንግግር አድርጓል። ማክማኑስ የሚባል በእርሱ እጅ ያደገ ሰው ተነሥቶበታል፤ ፕላንኪትም በፖለቲካ ከውለታ ቢስነት የከፋ ኃጢአት የለም እያለ ይወቅሰዋል። ነገር ግን ማክማኑስ ከጌታው የተማረውን ከመፈጸም በቀር ምን አደረገ? እርሱም እንደ ፕላንኪት ሰዎችን አንድ በአንድ ሰበሰበ፤ ፕላንኪት የሰጠውን ያህል ወይም ከዚያ አብልጦ ሰጠ። ፕላንኪት በ1904 የግዛቱን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ወንበር በምርጫ አጣ፤ የአውራጃ መሪነቱንም ማክማኑስ ወሰደው። ሰው በሐሳብ የተከተለህ እንደ ሆነ ሐሳብህን ትቶ ሲሄድ ምክንያቱን ልትጠይቀው ትችላለህ። በውለታ የተከተለህ ግን የበለጠ የሚሰጥ ሲያገኝ ቢሄድ የምትከራከርበት ነገር የለህም።

፭. የተማረው ተወዳዳሪ

ወደ እኛ ወደ ተማሪዎች የሚመለከት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ፕላንኪት ለኮሌጅ ተማሪ ርኅራኄ የለውም። መጽሐፍ ማብዛት ሰውን ለፖለቲካ የማይረባ ያደርገዋል ይላል፤ ጌጠኛ ልብስና ረቂቅ አነጋገርም ከጎረቤት ይለያል ብሎ ያስጠነቅቃል። የከተማን አስተዳደር ለማረም የሚነሡትንም ጧት ፈክቶ ቀትር ላይ ከሚጠወልግ አበባ ጋር ያመሳስላቸዋል። ይህ ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንቀን ባለፍነው። ነገር ግን ታሪክ በከፊል ይመሰክርለታል።

ሴት ሎው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። በ1901 ታማኒን አሸንፎ የኒውዮርክ ከንቲባ ሆነ። ንጹሕና ትጉህ አስተዳዳሪ እንደ ነበረ ብዙዎች ይመሰክሩለታል። በ1903 ግን ታማኒ ባቀረበው በጆርጅ ማክሌላን ተሸነፈ። ለሽንፈቱ ምክንያት የሆነው አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሆኖም የታሪክ ጸሐፊዎች ለተራው ሰው ቀዝቃዛና ሩቅ መስሎ ይታይ እንደ ነበር ይጽፋሉ። ሒሳቡ የቀና ነበር፤ ከሰው ጋር ያለው ቅርበት ግን ሳሳ።

ፕላንኪት በ1924 ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ተመረጠ። ፊዮሬሎ ላጓርዲያ አባቱ ኢጣሊያዊ፣ እናቱ አይሁዳዊት ነበሩ። ከባሕር ማዶ የሚመጡ ስደተኞች በሚቀበሉበት በኤሊስ ደሴት በአስተርጓሚነት እየሠራ ሌሊት ሌሊት ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። በ1929 ለከንቲባነት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ተስፋ ሳይቈርጥ በ1933 እንደገና ተወዳድሮ ታማኒን ድል አደረገ፤ ከዚያም በ1937ና በ1941 ተመረጠ። ይህ ሰው ለእያንዳንዱ ሠፈር በየቋንቋው ይናገር ነበር፤ እሳት በተነሣ ጊዜም እየሮጠ መድረሱ የታወቀ ነው። ታዲያ ከፕላንኪት በምን ተለየ? የከተማው ሥራ በፈተና እንዲያዝ አደረገ፤ ፕላንኪት ደግሞ የአገር እርግማን ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ፈተና ነበር። ከዚህም ጋር በ1935 የወጣው የፌዴራል መንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ለሽማግሌውና ሥራ ላጣው ሰው ርዳታን በመብትነት ሰጠ። ስለዚህ መበለቲቱ ለኑሮዋ የሰፈር መሪን ፊት ማየቷ እየቀረ ሄደ።

የታማኒ ኀይል ከዚህ በኋላም ወዲያው አላበቃም። በ1961 ግን የማኅበሩ መሪ ካርማይን ዴሳፒዮ በገዛ ሠፈሩ በግሪንዊች ቪሌጅ የአውራጃ መሪነቱን በምርጫ አጣ። በ1963 ወንበሩን ለመመለስ ሲሞክር ኤድዋርድ ካች የሚባል ጠበቃ በ41 ድምፅ ብልጫ አሸነፈው፤ ይህም ጠበቃ በ1978 የኒውዮርክ ከንቲባ ሆነ። አርባ አንድ ድምፅ ማለት በአንድ መንገድ ላይ ከሚኖሩ ሰዎች አይበልጥም። የታማኒን አለቃ የጣሉት ተወዳዳሪዎች የተጠቀሙበት ብልሃት ፕላንኪት በአጎቱ ልጅ ደጃፍ የጀመረው ነው፤ ሰውን አንድ በአንድ መፈለግ።

፮. የእኛ ሚዛን

የኒውዮርክን ታሪክ ለማመዛዘን እኛ ዘንድ አንድ ጥሩ ሚዛን አለ፤ እርሱም እድር ነው። እድርተኛ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን ይተከልለታል፣ ወንበር ይመጣለታል፣ ሰው ይሰበሰብለታል። ፕላንኪት በቀብር ላይ ከሚያደርገው ይህ በምንም አያንስም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እድርተኛው የሚቀበለው በየወሩ ከከፈለው ነው፤ ስለዚህ ራሱን ቀና አድርጎ ይቀበላል። ዳኛው በአባላቱ ይመረጣል፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያቀርባል። ድንኳኑ ስለ ተተከለለት ለዳኛው ባለዕዳ የሚሆን የለም። ፕላንኪት የእድርን ሥራ ሠርቷል፤ የእድርን ሒሳብ ግን አላቀረበም። ሴት ሎው በበኩሉ ሒሳቡን አቀረበ፤ ወደ ሐዘን ቤቱ ግን አልዘለቀም።

እንግዲህ ከእኛ መካከል አንድ ቀን በተወለደበት ከተማ ለምክር ቤት የሚወዳደር ቢገኝ፣ ይህን መጽሐፍ ሳይንቅ እንዲያነበው እመክረዋለሁ። ሲያነብም ሁለት ነገር ይለይ። የሰውን ደጅ ማንኳኳትን፣ በችግሩ ቀን መድረስን፣ በሚገባው ቋንቋ መናገርን ከፕላንኪት ይማር፤ ይህን ያልተማረ የተማረ ሰው በሠፈሩ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ከደጁ ከገባ በኋላ ግን ፕላንኪት ዘመዱን ያልጠየቀውን ይጠይቅ። ውሃው ለምን ተቋረጠ? ኪራዩ ለምን ተወደደ? የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ የት ዋለ? መልሱንም በመዝገብ ጽፎ፣ ቢመረጥም ባይመረጥም፣ በዓመቱ ወደዚያው ደጃፍ ይመለስ። መራጩም ድምፁን ሲሰጥ የሚከፍለው ዕዳ እንደሌለበት በግልጥ ይንገረው፤ በሚመጣው ምርጫ ሌላውን ቢመርጥ ውለታ ቢስ የሚለው ሰው አይኖርምና።